መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ

አስከሬኑ የተገኘው ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ከሕንፃው ጀርባ፣ ባዶ ካርቶንና የተሰበረ ወንበር በሚጣልበት ጠባብ ግቢ ውስጥ። ያየው ጥራጊ ሊደፋ የወጣ የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ነው። ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። ከተሰበሰበው ግማሹ ስልኩን አወጣ፣ ግማሹ «ኧረ አንድ ነገር አልብሱት!» እያለ ተርበተበተ። ሟቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ የጌም መሥሪያ ቤት ሠዓሊ ነበር። ሥዕሉን ሁሉ የሚሠራው በትናንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች ስለሆነ ጓደኞቹ «ነጥቤ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጉዳዩ በሰው አፍ ተፈርዶበት አልቋል፤ ልጁ ራሱን ከጣሪያ ወርውሯል። ምክንያትም አልታጣለትም፤ እንዲያውም ሁለት ተገኘለት። አንደኛው ከሸሚዝ ኪሱ የወጣ የአስተያየት ወረቀት ነው። ጌሙ ገና ለሕዝብ ሳይወጣ እየመጡ የሚሞክሩ ተጫዋቾች የሚሞሉት ዓይነት ነው፤ ከላይ «የወደድኩት»፣ ከታች «የጠላሁት» ይላል። በዚህኛው ላይ «የጠላሁት» በሚለው ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ «ሥዕሉን። ይህን የሣለ ሰው እጁን ቢሰበስብ ለሁላችንም ይሻላል።» ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከፋ ነው። እሑድ ዕለት እናቱ ተቆጥተው «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም» ብለውት ነበር። ይህን ለፖሊስ የተናገሩት ራሳቸው እናትየው ናቸው፤ ያውም ማንም ሳይጠይቃቸው።

ፋይሉ የደረሳት መርማሪ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ደልደል ያለች፣ መነጽሯን ባንገቷ አንጠልጥላ ሌላ ቦታ የምትፈልግ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ቀስ በሉ» ብለው ሰይመዋታል፤ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ። አለቃዋ ጠዋት ደውሎ «ግልጽ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ዝጊልኝ» ሲላት «ቀስ በሉ ጌታዬ» አለችው። እሱም ይህን እንደምትለው ያውቅ ስለነበር ስልኩን ዘጋው።

እናትየው የጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አያለቅሱም። መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ። «እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ምን ተባብላችሁ ነው እናቴ? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«እሑድ ምሳ ከበላን በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈተና ‹ተመልከቺ እማ፣ ሰው ሁሉ የወደደው ይቺን ነው› አለኝ። አየሁ። ጨለማ ቤት ነው። መስኮት አለ። መስኮቱ ላይ ልጄ ቆማለች። ታናሽ እህቱን ነው የምልሽ። በዘጠኝ ዓመቷ ነው የሞተችብኝ። ታማ ተኝታ እንኳ እሱ ከትምህርት ቤት የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ ተንፏቅቃ መስኮቱ ጋ ትቆም ነበር። እሷን ወስዶ የሰው ማስፈራሪያ አደረጋት! ሰው አይቷት እንዲጮህ! እኔም አፌ ያመጣውን ተናገርኩ። እሱም ኮምፒውተሩን ከድኖ ወጣ። ራሱን ካጠፋ የገደለው የኔ አፍ ነው። እወቂና ንገሪኝ፤ ብቻ አታባብዪኝ።»

መርማሪዋ ለማባበል አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው።

«አላውቅም» አለች። «ሳላውቅ አልነግርዎትም። ግን ሳላውቅ ደግሞ ፋይሉን አልዘጋም።»

*

መሥሪያ ቤቷ በሮቻቸው ወደ ኮሪደሩ የሚከፈቱ ሦስት ክፍል ብቻ ናት። አንዱ ሁሉም አብረው የሚሠሩበት፣ ሁለተኛው የድምፅ መቅጃ፣ ሦስተኛው በወፍራም መጋረጃ የተጋረደ «ጨለማው ክፍል» የሚሉት። ጨለማው ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ስክሪንና ሁለት ስፒከር አሉ። ማክሰኞ ፖሊስ እንደደረሰ መጀመሪያ ፎቁን አስለቅቆ ይህን ክፍል አሸገ፤ ሰዉ ወደ ጣሪያ የተግተለተለው ከዚያ በኋላ ነበር። ጣሪያውን ደግሞ ዘበኛው ማክሰኞ ጠዋት አዲስ ሬንጅ ስለቀባው፣ በማግሥቱ መርማሪዋ ስትወጣ እንኳን የገዳይ ዱካ የራሷንም መለየት አልቻለችም። ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ውስጥ አድርጎታል።

በመሥሪያ ቤቷ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ያነጋገረችው ፕሮግራመሩን ነው፤ ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ ጎረምሳ።

«ማክሰኞ ጠዋት ተጣልታችኋል አሉ» አለችው።

«ጮኽኩበት። አልክድም። ጌሙ ዓርብ ሊወጣ ነው፤ እሱ ማክሰኞ መጥቶ ‹አንድ ነገር ልቀይር› ይለኛል! ‹አትንካው፣ በእናትህ አትንካው› አልኩት።»

«ምን ሊቀይር ነበር?»

«አልጠየቅኩትም። ‹ትንሽ ነገር ናት› አለኝ። ለእሱ ሁሉም ነገር ትንሽ ነው። ሥዕል ብቻ ከሆነ ያለእኔም ራሱ ማስገባት ይችላል። ስምንት ተኩል ላይ ከወንበሩ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።» ጥፍሩን ወደ አፉ ወሰደና መለሰው። «መስካሪ የለኝም። የገባኝ ነገር ነው፤ ተጠርጣሪው እኔ ነኝ አይደል?»

«ቀስ በል። ጨለማው ክፍልስ ማን ነበር?»

«‹ቁልፉ› የምንለው፣ እንቆቅልሾቹን የሚሠራው። እኛ ጋ ደንብ አለን፤ ከምሳ በኋላ ተረኛው ብቻውን ገብቶ የዕለቱን ጌም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሲጨርስ እንደማንኛውም ተጫዋች ወረቀት ሞልቶ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። ማክሰኞ የቁልፉ ተራ ነበር።»

«ማሽኑ ማን ምን ያህል እንደተጫወተ አይመዘግብም?»

«አይመዘግብም። ወረቀቱ ነው መዝገባችን።»

ድምፅ የምትሠራው ልጅ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ክፍሏ ከጨለማው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። የጌሙን ዝናብ የሠራችው ሩዝ ትሪ ላይ እያፈሰሰች፣ የበሩን ሲጥታ ደግሞ ከራሷ አልጋ እንደሆነ ስትናገር ትንሽ ፈገግ አለችና ወዲያው አፈረች።

«ማክሰኞ ምን ሰማሽ?»

«ምን እሰማለሁ! ዝናብ ነዋ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ዝናቡ በግድግዳው እየመጣ መቅዳት ከለከለኝ። ሁለት ጊዜ ግድግዳውን ደበደብኩ። ቁልፉ ድምፅ ቀንስ ሲሉት ይቀንስ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ጭራሽ አልሰማኝም። በኋላ ወረቀቱን አነበብኩትና በራሴ ተናደድኩ። እሱ ነጥቤን እያመሰገነ እኔ ግድግዳ እደበድባለሁ!»

ወረቀቱን ከሳጥኑ አውጥታ ሰጠቻት። የማክሰኞ ቀን አለበት፣ ሰዓቱ ከስምንት እስከ አሥር ይላል፣ ጌሙ በታደሰ ቁጥር የሚጨምረው የዕለት ቁጥሩም 212 ተብሎ ተሞልቷል። «የወደድኩት፦ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ። መቶ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ዛሬም ጭንቅላቷን ስታዞር ደነገጥኩ። ነጥቤ፣ እጅህ ይባረክ። የጠላሁት፦ የራሴን የሰዓት እንቆቅልሽ። ያደክማል።»

መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደግ ወረቀት ነው። ሰው ሞቶ የመጨረሻ ምስጋናው እንዲህ ተጽፎ ሲገኝ ማን አንጀቱ አይላወስም?

ቁልፉ ራሱ ሠላሳዎቹን ገና የጀመረ፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ጨዋ ሰው ነው። ስትገባ ተነስቶ ወንበር ሳበላት።

«ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረን ነን» አለ። «ወንድሜ ነበር። ተጫዋች እኮ ጨካኝ ነው፤ አንተ ዓመት የደከምክበትን እሱ በአንድ መስመር ይጥልልሃል። ያ ወረቀት ነው የጎዳው።»

«እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የተጫዋቾች ወረቀቶች ሳነብ ግን ሥዕሉን የማይወድ አላየሁም» አለች መርማሪዋ እንደ ዋዛ። «የሚማረሩት በእንቆቅልሹ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ግን ጆሮው ደም መሰለ።

«አዎ፣ ለምጄዋለሁ። ስምንት ወር ያሰብኩትን ሰዓት ‹ዝም ብዬ ስነካካው ተከፈተ› ይሉሃል። ምን ታደርገዋለህ?»

«ዋናው መልመዱ ነው» አለች መርማሪዋና ተነሳች።

*

ሐሙስ ጠዋት ፎቁን ባዶ አስደርጋ ብቻዋን ከወረቀቶቹ ጋር ቁጭ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሌባና የነፍሰ ገዳይ ቃል ስትቀበል የኖረች ሴት የጌም ተጫዋች ቃል ይህን ያህል ያስቀኛል ብላ አላሰበችም።

«ጭራቁ እስከ መጨረሻ አይታይም። የገደለኝ እሱ ነው!» ይላል አንዱ በወደድኩት ሥር። «ፊቷ ስድስት ነጥብ ብቻ ነው። ቆጠርኩት። ግን ታየኛለች።» «መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ። ስመለስ ጭንቅላቷን አዞረችብኝ፤ የቀረውን መብራት አብርቼ ነው የጨረስኩት።» የጠላሁት ሲደርስ ደግሞ ሁሉም አፉ ይከፈታል። «የሦስተኛው ክፍል ሰዓት አርባ ደቂቃ በላኝ።» «እንቆቅልሽ እየፈታሁ ከኋላ አሯሯጠኝ። ወይ አስብ በሉኝ ወይ ሩጥ በሉኝ!» «ስሞት ከመጀመሪያ ያስጀምረኛል፤ ሥራ የለኝም እንዴ?» አንዷ ደግሞ ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቃል ሞልታዋለች፤ የወደድኩት ጨለማው፣ የጠላሁት ጨለማው።

ቅዳሜ የመጡት ተጫዋቾች ፈርመው የገቡበት ዝርዝር በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት። የቅዳሜ ቀን ያለባቸው ወረቀቶች ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ናቸው። ያ ከኪስ የወጣው ወረቀትም የቅዳሜ ቀን አለበት። ከፕላስቲኩ አወጣችውና ገለበጠችው። በአራት በጥንቃቄ ታጥፎ የኖረ ነው፤ ንዴት ያጨማደደው ወረቀት እንዲህ አይደለም። ጀርባው ላይ ሟቹ በእርሳስ «12» ብሎ ጽፎ አክብቦበታል። ረቡዕ ስታየው ቀን ወይም ገጽ መስሏት አልፋው ነበር።

«አሃ» አለች ለራሷ። «አንተም ቆጥረሃል።»

ከዚያ ፕሮግራመሩን አስጠርታ የጨለማውን ክፍል ማሽን እንዲከፍትላትና በየትኛው ቁልፍ እንደሚኬድ እንዲያሳያት ጠየቀች። አሳያት፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወጣላት። ስክሪኑ ጥግ ላይ 212 የሚል ቁጥር አለ። ክፍሉ ማክሰኞ ከታሸገ ወዲህ ማንም አልነካውም።

አንድ ትንሽ ልጅ ሻማ ይዞ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ይዘንባል። ሁሉም ነገር ከነጥብ የተሠራ ነው፤ ተቆጥሮ እንደተጠለፈ ጥልፍ። መርማሪዋ ልጁን ወደ ፊት ልታስኬደው ብላ ከአጥር ጋር አላተመችው። ከጉድጓዱ ባልዲ ሥር የበሩን መክፈቻ እስክታገኝ ሃያ ደቂቃ ሄደባት። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፣ ልጁ ወደ ቤቱ ገባ፣ ዝናቡ ቀጥ አለ። ጸጥታው ከዝናቡ የባሰ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሆነ ነገር ሲያንኳኳ «በስመ አብ!» ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው፤ ጫማዋም የወንበሩን የእግር ማሳረፊያ መታ። ጎንበስ ብላ አየችው። ብረቱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ደርቃለች። በወረቀት ጫፍ ፈቀፈቀችና አሸተተቻት።

ቀና ስትል ስክሪኑ ላይ መስኮቱ ደርሷል። ረጅም ጊዜ አየችው። ልጁን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሰዳ እንደገና መለሰችው፤ ልክ ወረቀቶቹ እንደሚሉት። እንደገና አየችው። ሦስተኛው ክፍል ገብታ ሰዓቱ ላይ ተቀርቅራ ሰዓቱን የሠራውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ከረገመች በኋላ ፕሮግራመሩን ጠራችውና በጆሮው አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። ጎረምሳው ኪቦርዱን እየነካካ ፈለገ፣ አገኘ፣ ከዚያ እጁ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

*

ዓርብ ጠዋት፣ ጌሙ ሊወጣ በነበረበት ቀን፣ ሁሉም ጨለማው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ብቸኛዋ ወንበር ለእናትየው ተሰጠች፤ ሌሎቹ ቆሙ። አንድ ፖሊስ መጋረጃው አጠገብ ነበር። ቁልፉ እናትየውን ጎንበስ ብሎ ሳማቸው። «በርቱ እማማ» አላቸው። እሳቸውም እጁን ይዘው ቆዩ። መርማሪዋ ይህን ስታይ እጃቸውን ከእጁ ልታላቅቅ ሁሉ ቃጣት።

«እኚህ እናት አንድ ነገር ጠይቀውኛል» ብላ ጀመረች። «መልሱን ከመናገሬ በፊት እንዴት እንደደረስኩበት ላሳያችሁ። ቅዳሜ ስንት ተጫዋች መጣ?»

«አሥራ ሁለት» አለ ፕሮግራመሩ።

«የቅዳሜ ወረቀት ግን አሥራ ሦስት አለ። አሥራ ሦስተኛው ያ የስድቡ ወረቀት ነው። ነጥቤ ሲያነብ ቆሽቱ አርሮ ይሆናል፤ ግን ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ጀርባው ላይ ‹12› ብሎ ጻፈ። ኪሱ ያስገባው ስለተሰበረ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ሊያሳየው ነው። ከውጭ ማንም ካልጻፈው ከውስጥ አንዱ ጽፎታል።»

ድምፅ የምትሠራው ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን ይጽፈዋል? ፕሮግራመሩ ሲናደድ ይጮኻል፤ ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል። የሚጮህ ሰው ተደብቆ አይጽፍም። ግድግዳውን አንብቡት። ሥዕሉን ሁሉም ወዶታል፣ ድምፁን ሁሉም ወዶታል። አሥራ ሁለቱም የሚሳደቡት አንድ ነገር ነው።»

«እንቆቅልሹን» አለ ቁልፉ በረጋ ድምፅ። «ይበሉት፣ ግድ የለኝም። ግን እኔ ከስምንት እስከ አሥር እዚህ ነበርኩ። ወረቀቴ አለ።»

«አለ። እስቲ አንብብልን።»

ወረቀቱን ተቀበለና አነበበው። «እጅህ ይባረክ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ የውሸት አይመስልም ነበር።

«212 የሚለውን ቁጥር ከየት አመጣኸው?»

«ጌሙ ሲከፈት ጥግ ላይ ይታያል።»

«ስለዚህ የከፈትከው የማክሰኞውን ነው፤ የቀድሞውን አይደለም።»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንካ» አለችና ኪቦርዱን አቀረበችለት። «አሁንም የተከፈተው 212 ነው። ሂድና ልጅቷን አሳየን።»

ቁልፉ ትከሻውን ነቅንቆ ቆሞ መጫወት ጀመረ። የበሩን መክፈቻ በግማሽ ደቂቃ አገኘ። በሩ ተከፈተ። ዝናቡ ቀጥ አለ። ድምፅ የምትሠራው ልጅ ያኔ ነው ቀና ያለችው።

«ቆይ እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «ዝናቡ ያለው ግቢው ውስጥ ብቻ ነው። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ዝናብ ነበር የምሰማው።»

«ጎበዝ» አለች መርማሪዋ። «ግቢውን ራሱ የሠራው ሰው አንድ ሰዓት ተኩል እዚያ ምን ይሠራል? ጌሙን ከፍቶት ወጣ። ግድግዳው ቢደበደብም የሚሰማ ሰው አልነበረም።»

ቁልፉ መጫወቱን ቀጠለ። ስክሪኑ ላይ ትንሹ ልጅ ሻማውን ይዞ ኮሪደሩን ሄደ። መስኮቱ ጋ ደረሰ።

ልጅቷ የለችም። መስኮቱ ላይ ጣሳ ውስጥ የተተከለች ቀይ አበባና አንድ ትንሽ መብራት ብቻ አሉ።

ቁልፉ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ። ሄደ፣ ተመለሰ። ማንም ጭንቅላቱን አላዞረበትም።

«ነጥቤ ማክሰኞ ከሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል፣ እናንተ ምሳ ላይ ሳላችሁ፣ ልጅቷን አጠፋት» አለች መርማሪዋ። «ፕሮግራመሩ ሰዓቱን አግኝቶልኛል። ከዚያ አዲሱን እዚህ ማሽን ላይ ጫነው። ‹ትንሽ ነገር ናት› ያለው ይህን ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት እውነት የተጫወተ ሰው በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚጽፈው ‹ልጅቷ የት ሄደች?› ብሎ ነው። አንተ ግን በቃልህ የምታውቀውን ጻፍክ። ሰው ሲዋሽ የሚጠነቀቀው ነቀፋውን ነው፤ ምስጋናውን ማን ይመረምርብኛል ብሎ! ደግሞ በዚህ ወንበር የእግር ማሳረፊያ ላይ ሬንጅ አለ። ጣሪያው የተቀባው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ይህ ክፍል የታሸገው አስከሬኑ እንደተገኘ፣ ሰዉ ጣሪያ ሳይወጣ ነው። ነጥቤ ከጣሪያው አልተመለሰም፤ ከእሱ ሌላ በመሃል እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው አንተ ብቻ ነህ።»

ቁልፉ ኪቦርዱን በቀስታ አስቀመጠው፤ የሚሰበር ዕቃ ይመስል።

«ጣሪያ ላይ የጠራኝ ሰው ፊት እንዳላፍር ብሎ ነው» አለ። «ጌሙን ከፍቼ የወጣሁትም ሰው እንዳያውቅ ነው እንጂ ምንም አላሰብኩም ነበር። ዓይኔን ያጥፋው፣ ምንም አላሰብኩም። ወረቀቱን አወጣና ‹ይሄ ያንተ ነው አይደል?› አለኝ። እንደሚሰድበኝ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ ኖሮ… አልሰደበኝም። ‹ለምን ሰዓቱ እንዳሳፈረህ አልነገርከኝም? አብረን እናስተካክለው ነበር እኮ› አለኝ። አዘነልኝ። ተጫዋቹ ሁሉ እሱን ያመሰግናል፣ እሱ ደግሞ ለኔ ያዝናል! ሳላስበው ገፋሁት። ከጫፉ ጋ መሆኑን ያየሁት ከገፋሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወርጄ እዚህ ተቀመጥኩና ወረቀቱን ሞላሁት። ‹እጅህ ይባረክ› ያልኩት ግን ከልቤ ነው። ማንም አያምነኝም፣ ከልቤ ነው።»

ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። ሲያልፍ እናትየው ቀድሞ የያዙትን እጁን አይተው የራሳቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ሌሎቹ ሲወጡ መርማሪዋ ቀርታ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከች።

«የጠየቁኝን አሁን አውቄያለሁ እናቴ። እርስዎ አይደሉም። ልጅዎ ራሱን አላጠፋም። እሑድ የተናገሩትን ሰምቶ፣ ተጫዋች ሁሉ የወደደለትን፣ ከሥራው ሁሉ የሚበልጠውን አጠፋው። ያጠፋው ለእርስዎ ብሎ ነው።»

እናትየው ተነስተው ወደ ስክሪኑ ቀረቡና ጣታቸውን አበባዋ ላይ ሳያስነኩ አስጠጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠሩ ነበር።

«ይሄ የኔ ጥልፍ ነው» አሉ። «የእህቱ የትራስ ልብስ ላይ ያለው አበባ። ነጥብ መቁጠር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ሆኖ አጠገቤ ተቀምጦ ክር ያቀብለኝ ነበር። በየቅጠሉ ሰባት ሰባት ነው።» ጣታቸው የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ጋ ስድስት ነው።»

«ተሳስቶ ይሆን?»

«አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ልጅቷ ትኩሳቱ ጸንቶባት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንዷን ዘለልኳት። ከሞተች በኋላ ላርመው ብዬ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት እንደጎደለች አለች።» ወደ መርማሪዋ ዞሩ። «እሱም አላረማትም። የጎደለችውን እንደጎደለች ትቷታል።»

ከማክሰኞ ጀምሮ ያላለቀሱት ያኔ አለቀሱ። መርማሪዋ ስፒከሩን ዘጋችና እጃቸውን ይዛ ከጎናቸው ቆመች።